ልብስ

ሻርጃ፣ ፋብሪካ ሰፈር፣ ከጎማ ቤት ጓሮ፣
መስኮት በሌለው ቤት፣ በሩ ተቀርቅሮ፣
የአብራሪ ሰደርያ እሰፋለሁ እኔ፣
ከፀጉር በቀጠነ በብር ክር ደክሞ ዓይኔ።

ኮምቦልቻ ሳለሁ ኪስ ነበር ሥራዬ፤ በቀን አራት መቶ ኪስ፣
የራሴን ኪስ ግን አንድ ቀን ስንኳ ሳልዳስስ።
እዚህ ኪስ የለም። እዚህ ያለው ደም ሥር ነው፣
ቀዝቃዛ ውሃ የሚሄድበት፣ እንደ ጅማት የቀጠነው፤
በግራ ጡት ሥር ደግሞ ሳንቲም የምታህል ክብ፣
እሷ ናት የምትሰማው የሰውየውን ልብ።
ላቡን ትመዝናለች፣ ትንፋሹን ትቆጥራለች፣
ራሱን ሊያዞረው ሲል ከሱ ቀድማ ታውቃለች።
የራስ ቁሩም እንዲሁ ጨለማ ውስጥ ያያል፣
ከኋላው የመጣውን ከፊቱ ይስልለታል።

«ወደፊት» ይላል ኢንጂነር ፋዲ፣ ሻዩን እያማሰለ፣
«ወታደር መፍራቱን ሸሚዙ ይነግረናል፣ እሱ ምንም ሳይል።»
ሳቀ። ሳቅን።
እኛ አገር ሆድ ያባውን ብቅል ነው የሚያወጣው።
እዚህ ክር ነው።

ማቀዝቀዣው ከሰኔ ወዲህ ዝም ብሏል።
ሩክሳና ፎጣ አርጥባ አንገቷ ላይ ጠምጥማለች።
ብርድ የምንሰፋ ሰዎች ነን፤
ላባችን ጨርቁን እንዳይነካ ጓንት አጥልቀናል።

ስሙን አልነገሩኝም። ቁጥሩ አርባ አንድ ነው።
ጨው ነው የማውቅለት፣ ብብቱ ሥር የነጣው።
ሰደርያው ለጥገና ሲመጣ፣ ቀኝ ትከሻው ላይ ስፌቱ ተበልቶ፣
አዘንብሎ እንደሚቀመጥ ገባኝ፤ ሰው ሳይነግረኝ፣ ከጨርቁ ተገልጦ።
እናቱ ታውቅ ይሆናል። ከሷ ቀጥሎ እኔ።

በደረት ልክ እኩል ነን። ስለዚህ በሙቀት ክፍል
ፈተናውን የምለብስለት እኔ ነኝ፤
ሃምሳ ዲግሪ፣ ሃያ ደቂቃ፣
ከመስታወቱ ማዶ አረንጓዴ መስመር ሲዘል።

ያን ሐሙስ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ።
አምስት ወር ዝም ያለ ቁጥር።
ሙሉቀን! ታናሼ፣ ማሠልጠኛ ከገባ ድምፁ የጠፋ።
ድምፁ ግን የሱ አልነበረም።
«እህቱ ነሽ?»
«ነኝ።»
«አይዞሽ… ልብሱ እኔ ዘንድ አለ።»

ልብሱ።
ልቡስ?

«ደህና ነሽ?» አለ ፋዲ በመስታወቱ ላይ አንኳኩቶ።
«ደህና።»
ቤት ሲቃጠልም ደህና፣ ጎርፍ ሲወስድም ደህና፣
እንዲህ ነው ያደግነው። መስመሩ ግን ጣራ ነካ፣
ወረደ፣ ደግሞ ነካ፤ ክር አይዋሽምና።

ፋዲ ቸኩሎ ነበር፣ ፋይል መቀየር ረሳ፤
የኔ ልብ በአርባ አንድ ስም ወደ ጦር ሰፈር ተነሳ።
ማታ ሐኪሙ አየው አሉ፤ «ታውኳል፣ ዛሬ አይነሳ።»

በሳምንቱ ነው የሰማሁት፣ ፋዲ ግንባሩን እያሻሸ፦
«መሣሪያው ተሳሳተ።»
ዝም አልሁ።
አልተሳሳተም።

አንድ አውሮፕላን በኔ ኀዘን አንድ ሌሊት ተኛ።
የት ሊሄድ እንደነበር አላውቅም፤
ምናልባት ባሕሩ ላይ ዞሮ ሊመለስ፣
ምናልባት ለልምምድ፣
ምናልባት ደግሞ ስሙን በማላውቀው መንደር
አንዲት ሴት የልጇን ሸሚዝ አጥባ ገመድ ላይ አስጥታ
ጠዋት እዚያው አገኘችው፣ ደርቆ፣ ሙሉ።
ማን ይነግረኛል።

ሙሉቀን የለበሰው ተራ ጥጥ ነበር፤
ክብ የለው፣ ውሃ የለው።
ሲፈራ የትኛው ስክሪን ዘለለ?

ለአርባ አንድ አዲስ ሰደርያ ታዟል፣ ነገ ጠዋት ይወስዱታል።
ከውስጥ ጠርዙ፣ ዓይን በማይደርስበት፣
በጥቁር የጥጥ ክር አንዲት ቋጠሮ ቋጠርሁ።
ምንም አትለካም።