ተጠባባቂ

ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ሲወርዱ በስተግራ፣
ስድስት ፎቅ ከላዩ ጭኖ፣ ምድር ቤት ነው የሱ ስፍራ።
ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ፣ ቀለሙ የተላጠ፣
በሃያ አራት ዓመቱ ስንት አለቃ የለወጠ።

ስሜ ልሳነወርቅ ነው። ከቅጥር ደብዳቤዬ ላይ
«ሞተሪስት» ይላል፤ ሥራዬ ግን «ሄደ ወይ? መጣ ወይ?»
እያሉ መኖር ነው።

መብራት በዚህ ከተማ እንደ ሰው ይሄዳል፣ ይመጣል፤
ሲመጣ ልጅ አዋቂው «መጣ!» ብሎ ያጨበጭባል።
ለኔ ማሽን ግን አንድ ቀን «መጣ» ያለ ሰው አላውቅም፤
እፎይ የሚሉት ሲጠፋ ነው። አልፈርድባቸውም፣
እኔም እፎይ እላለሁ።

እውነቱን ልናገርማ፦ ጭሱ ጭስ ነው፣ አላቆላምጠውም፤
ከሸሚዜ ኮሌታ ላይ ሳሙና አያስለቅቀውም።
ሐኪሙ ሳንባዬን በራጅ አይቶ «ሲጋራ ታጨሳለህ?» አለኝ፤
«እኔ አላጨስም ዶክተር፣ የሚያጨስ ባልደረባ አለኝ።»

ባለፈው ጥር ጣራው ላይ ፀሐይ የሚጠጣ መስታወት ተነጠፈ፣
ቁም ሣጥን የሚያህል ባትሪ ከግድግዳው ተደገፈ።
የገጠመችው ኢንጂነር ኤፍራታ፣ ጨዋ ልጅ ናት፣
«ጋሼ፣ ማሽኑም አርፏል፣ እርስዎም ይረፉ» አለች፤
በአገራችን «አረፈ» የሚባለው ማን እንደሆነ ረሳች።
ሳቅሁላት።

ባለአክሲዮኖቹ ተሰበሰቡ። ግማሹ «ለምናለሽ ተራ፣ በኪሎ!»
የሦስተኛ ፎቁ ላቦራቶሪ ግን «የሰው ደም ፍሪጅ ውስጥ ውሎ
ቢሞቅስ?» ብሎ ተሟገተ። ቃለ ጉባኤው እንዲህ አለ፦
«ይቆይ፣ ግን አይነሳ።»
ደመወዝ ላለመሥራት! ዘይት ላለመጮህ!
እንዲህ ያለ ሹመት ማን አየ?

ነሐሴ አሥራ አራት፣ ሐሙስ፣ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
ማንም አላወቀ፤ ባትሪው ጸጥ ብሎ ሥራውን ወሰደ፣
ሊፍቱም እንደ ልማዱ ወጣ፣ ወረደ።
ደስ አለኝ ብል ታምኑኛላችሁ? ቀዝቃዛ ሆዱን ዳበስኩት፤
«ተኛ» አልኩት።

ግን ክረምት ነው። ዝናቡ ጣራውን ሲወቅጠው ዋለ፤
ፀሐይ ጠጪው መስታወት ውኃ ብቻ ሲጠጣ ዋለ።
አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። ኤፍራታ ነበረች፤
«ጋሼ…» አለች። የቀረውን አልጨረሰችም። «ጋሼ» ብቻ አለች።

ቁልፉን አዞርኩት። አንዴ ሳለ። ሁለቴ። ግንቡ ተንቀጠቀጠ፤
ሰባት ወር ያፈነው ጥቁር በአንድ ትንፋሽ አመለጠ።
ጭማቂ የምትሸጠው ዙሪያሽ ደጅ ቆማ ሰደበችኝ፣
«አፈነን! ፈጀን!» እያለች፣ አፏን በሻሽ ይዛ ረገመችኝ፤
ከኋላዋ መፍጫዋ አቮካዶ ይፈጫል፣ በኔው ጭስ፣ በኔው ናፍጣ።
አልነገርኳትም። ልክ ናት። ጭስ ጭስ ነው፣ ለማንም ይምጣ።

ተመልሼ ስገባ፣ ከማሽኑ አምስት እርምጃ አለፍ ብሎ፣
እንደ ወተት የነጣ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ገመዱን ግድግዳው ላይ ተክሎ፣
ጡት እንደያዘ ጥጃ ቀስ እያለ ይጠባል፤
በሩ ላይ በአረንጓዴ ፊደል «ጭስ አልባ» ተብሏል።
ሳቄ መጣ። ከዚያ ሄደ፣ እንደ መብራት።
ጥጃው ምን ያውቃል፣ እናቱ የበላችውን የሣር ዓይነት?

ምሽት አንድ ሰዓት ከሃያ። «መጣ!» አለ ሕንፃው በሙሉ።
አጠፋሁት። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ቀጭ… ቀጭ… ይላል፣
ደረጃ እንደወጣ ጉልበት።

መዝገቤን ገለጥኩ። «የሠራው፦ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ። ናፍጣ፦ ስልሳ ሊትር።»
«ምክንያት» የሚል ዓምድ አለ፤ ሃያ አራት ዓመት አንድ መስመር፦
መብራት ሄደ። መብራት ሄደ። መብራት ሄደ።
ዛሬ እጄ እምቢ አለ።
የኛ ከተማ ሰው፣ ካልጋው ሳይወርድ፣ በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ» ይል የለ?
ኤፍራታ ነገ ሁለተኛ ባትሪ ልትለምን ስትወጣ ደረጃውን
አየኋት በሐሳቤ፤ ሞላሁትም ባዶውን፦

«መብራት መንገድ ላይ ነው።»

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ነገ ዘይት እቀይራለሁ።