ማን ያውቃል

ደጋን፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ከሐጂ ኑርዬ ቤት
ከቆጡ ወረደ የቆዳው ከረጢት።
አቧራውን መታ መታ አድርጎ ልጃቸው፣
«ከእሳት ማቀጣጠያ የተረፉት» አለኝ፣ «እነዚህ ናቸው።»

ፊደሉ የዐረብ ነው፣ ቃሉ ግን የኛው፤
ዳሩን አይጥ በልቶታል፣ መሐሉን ብል ነው።
አሞሌው በቁጥር፣ ዝባዱ በቀንድ፣
በቅሎው ከነስሙ፦ «አይደክሜ፣ ዳማ፣ ወንድ»።
ከበቅሎው ሥር፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ብዕር፦
«ሴት፣ አንዲት። ማን ያውቃል። አሥራ ሦስት ብር።»

ወር ሙሉ አለፍኳት።
ጸሐፊው ትከሻውን የነቀነቀ መሰለኝ፤
ስሟን ማን ይወቀው ያለ፣ የመሸበት ሰው።
እኔም እንደሱው፣ በእርሳስ ከብቤ፣
ካርዴ ላይ «ስም፦ አልተመዘገበም» ብዬ ጻፍኩ።

ያረሙኝ እትዬ ጦይባ ናቸው፣
ዘጠና ለመድፈን ሁለት ረመዳን የቀራቸው።
መጀመሪያ ተቆጡ። «የሰው አጥንት ምን ያስቆጥርሻል?
እዚህ ሁሉ ተጋብቷል፣ ሁሉ ተዋልዷል፤
ዛሬ ማን ጌታ፣ ማን ባሪያ ሊባል?»
ከዚያ ዝም አሉ። የሙስበሃቸውን ፍሬ
ሦስቴ ወደ ኋላ መለሱ።

«ስም ነው እኮ» አሉ። «ጸሐፊው አልሰነፈም።
ጌታ ለገዛው ሰው ስም ሲያወጣ ለሁለት ገምሶ ነው፤
ግማሹን እሱ ይጠራል፣ ግማሹን እሷ ትጨርሳለች።
‹ማን ያውቃል!› ሲላት ከሰገነቱ፣
‹የነገን!› ማለት ነው ከጓዳ፣ ከእሳቱ።
ካልመለሰች አልሰማችም።
ካልሰማች ጅራፍ ነው።»

ቀጠሉ፣ ወደ በሩ እያዩ፣ ድምጣቸውን ዝቅ አድርገው፦
«እናቴን ያጠባቻት እሷ ናት።
እናቴ ተከትላት ወደ ምንጩ ወርዳለች፣ ጎህ ሳይቀድ።
እንስራው እስኪሞላ፣ ሰው የለም ብላ፣
ሌላ ስም ትጠራ ነበር።
ራሷ ትጣራለች፣ ራሷ አቤት ትላለች፣
በኛ አፍ አይደለም፣ በማናውቀው።»

«ስሙስ?» አልኩ።

«እናቴ ልጅ ነበረች» አሉ። «ረሳችው።»

ምንጩ ዛሬ ቦኖ ነው። ቆጣሪ አለው፣ ቁልፍ አለው፤
ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል እስከ መንገዱ።
ቁልቁል ቆሜ ልጣራ ፈለግኩ።
ምን ብዬ?
ጌታዋ የሰጣት ብቻ ነው አፌ ላይ ያለው፤
እሱን ደግሜ ብጠራት
እንስራዋን ጥላ ወደ እሳቱ ትሮጣለች።

ኮምቦልቻ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ የሚተይብልኝ ልጅ
ጣቱን ከቁልፉ ሳያነሳ ጠየቀኝ፦
«‹ማንያውቃል› አንድ ላይ ነው? ከሥሩ ያለው ባዶ
ሰረዝ ላድርግበት?»
«ክፍት ተወው።»
«መስመር ይበላል።»
«ይብላ።»

በዚያች መስመር ጦስ የመጨረሻው ስም ወደ ሌላ ገጽ ዞረ፤
የአንድ ገጽ ዋጋ ጨምር አለኝ፣
ጨመርኩ፣
አልተከራከርኩም።