ውሃ ፍለጋ፣ ጭልጋ

ባይነሳኝ ጉድጓዱን የጀመረው በጥር፣
ከጓሮው ጥግ ወርዶ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር።
የላዩ ዋልካ ነው፣ ማረሻ የሚያውቀው፣
በክረምት ጫማህን ይዞ የማይለቀው።
ከዚያ ጥቁር ድንጋይ፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ
ሁለት መሮ በላ፤ ድንጋይ ነው አመሉ።
ከሥሩ ቀይ አፈር፣ እንደ ገል ተጠብሶ፣
የቀለጠ ዓለት ላዩ ላይ ፈስሶ።
ከዚያ አመድ። ነጭ አመድ። ምድጃው የታለ?
ማን አንድዶት ሄደ፣ ማንስ ሞቆት ዋለ?
አሥራ አንደኛው ክንድ ላይ መዳፉ ጠቆረ፣
ድንጋዩ ለስልሶ ጥፍሩ ሥር አደረ።
ውሃ ብሎ ወርዶ ከሰል ይዞ ወጣ፤
ሚስቱ ጠጄ ሳቀች፦ «በል እንግዲህ ጠጣ!»

ከጎንደር የመጣች የድንጋይ አዋቂ
ጥቁሩን ጓል በሴንጢ ሰነጠቀችው።
ውስጡ ቅጠል አለ፣
ጅማቱ ሳይቀር፣
ጫፉ የተበላ፤
አንድ አባጨጓሬ ምሳውን ጀምሮ የተወው ይመስላል።

«እዚህ ረግረግ ነበር፣ ውሃ የተኛበት፤
ዛፍ እየወደቀ የሚሰጥምበት፣
አመድ እየመጣ የሚያለብስበት።»

«ውሃ ነበር?» አለ።
«ነበር።»
«መቼ?»
ቁጥሩን ነገረችው። ዜሮው በዛበት።

ጠጄ ዛሬም ጀሪካን አዝላ ጓንግ ትወርዳለች።
እዚያም ገደሉ ላይ ያው ጥቁር ንጣፍ አለ፣
በነጩ አመድ ጠርዝ እንደ ጥለት የዞረ፤
ወንዙ አጥቦ አጥቦ አላስለቀቀውም።

ባይነሳኝ ጉድጓዱን አልደፈነም።
ማታ ማታ ጠጠር ይጥልና
ጆሮውን ያዘነብላል።
ጠብ የሚል የለም፣ እስካሁን።