እርሳስ

በኪርክብሬ ከተማ፣ በማተሚያ ቤቱ ምድር ቤት፣
ፊደል ስለቅም ኖርኩ፣ አርባ አንድ ዓመት።
ጣቴ ከእርሳስ ጠቁሯል፤ ሳሙና አያስለቅቀው፣
የአገሩን ሰው ስም ሁሉ በግልባጩ ነው የማውቀው።

ዱጋልድ ራንከንንም መጀመሪያ ያወቅኩት፣
ከኋላ ወደ ፊት ደርድሬ ነው፣ በዓይኔ ሳላየው በፊት።
ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ ቁመቱ ከአካፋ የማይበልጥ፣
መሐል ሜዳ ቆሞ ጨዋታ የሚያገላብጥ።
ኳስ እግሩ ስትደርስ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ፣
ወደ ግራ ይሰዳታል፣ ወደዚያ ጭቃ ላይ፤
ኒኒያን ማክፊ እዚያ አለ፤ ሁልጊዜም ነበረ፣
በአንድ ጉድጓድ፣ በአንድ ኩራዝ፣ አብሮት የቆፈረ።
እኔ ኳስ ብዙም አልወድ፤ ዝናብ ነው፣ ጩኸት ነው፤
እነሱን ግን አይቻለሁ፦ ሁለት ማልያ የለበሰ አንድ ሰው።

ከዚያ ያ ነሐሴ መጣ። ከበሮ፣ ባንዲራ፣ ሰልፍ፤
አሥራ አንዱም ባንድ ጠዋት ፈረሙ፣ በአንድ ረድፍ።
ለስንብት ጨዋታቸው ስማቸውን ደረደርኩ፣
ከግብ ጠባቂው እስከ ግራ ክንፍ፣ አንድ ሳልስት ጨረስኩ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ከጦር ሚኒስቴር ወረቀት መጣ፣
«የወደቁ» የሚል ርዕስ፣ ከሥሩ ስም በስም የወጣ።
ሣጥኔን ከፈትኩ፤ እነዚያው ፊደሎች፣ ያው እርሳስ፣
ያኔ ለጨዋታ የለቀምኩት፣ ዛሬ ለለቅሶ ሲደርስ።
ሰባት ስም ነበር። የኒኒያን ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፤
ጥይትም ከእርሳስ ነው የሚሠራ፤ ይህን ሳስብ ጣቴ ታመመ።

ዱጋልድ ተመለሰ፤ አንድ ጉልበቱ እዚያው ቀረ፣
ክለቡ መላ ሲያጣ እሱኑ አሠልጣኝ አርጎ ቀጠረ።
ሙሉ ልብስ፣ ክብ ባርኔጣ፣ በሰንሰለት የታሰረ ሰዓት፣
ከጉድጓድ የወጣ ሰው፣ ከቦርዱ ጋር ሲቀመጥ ለእራት።
ከእርሻ፣ ከወደብ፣ ከሥጋ ቤት፣ ልጆች ለቃቅሞ፣
«እሷ አይደክማትም፤ ኳሷን አሩጧት!» ይላል፣ በከዘራው ቆሞ።

የእኔ መከራ ዓርብ ነው፤ ቅዳሜ የሚሸጠው ወረቀት፣
ለማተሚያው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ወዮ ለዘገየበት!
ዱጋልድ በልጅ ይልካል፦ በእርሳስ የተጻፈ፣ አሥር ስም።
አሥር። አሥራ አንደኛው የለም።
«የግራ ክንፉስ?» እላለሁ። ልጁ ትከሻውን ይሰብቃል፤
«ሚስተር ራንከን ‹ገና ነው› ብሏል።» ማተሚያው ይጠብቃል።
እረግመዋለሁ። የማውቀው ስድብ ሁሉ ያልቅብኛል፤
እኩለ ሌሊት ሲጠጋ፣ እያነከሰ ራሱ ይመጣል፤
እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ፣ በምላሱ አርሶ ጫፉን፣
የአንዱን ልጅ ስም ይጭራል፣ ሳያሳየኝ ፊቱን።

አንድ ዓርብ ጮኽኩበት፦ «ዘጠኝ ዓመት! ምን ቢቸግርህ?
በቀለም ጽፈህ፣ ሞልተህ ላክ! በእርሳስ መጫርህስ ምን ነክቶህ?»
እሱም በዝግታ፦ «በእርሳስ የተጻፈ» አለ፣ «ይፋቃል።
አንተ ያተምከውን ግን፣ ዋቲ፣ ማን መፋቅ ይችላል?»

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ሻይ አፍልቼ እጠብቀው ጀመር።
ስለ ኳስ አናወራም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከሰሉ ዋጋ ነበር።

ቦርዱ ኋላ አሰናበተው፤ ስድስት ጊዜ ተከታትሎ ቢረታ፣
አጭር ደብዳቤ፣ ጥቁር ቀለም፣ «ከምስጋና ጋር»፣ ሰላምታ።
ትንባሆ ሱቅ ከፈተ። ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ሲዘንብ ውጪው፣
መስኮቱን እንፋሎት ሲያለብሰው፣
በጣቱ ነጥብ ነጥብ ይጥልበታል፤
ቆጠርኳቸው፦ አሥር ናቸው፤ በግራ በኩል ይተዋል።

ባለፈው ጥር ሞተ። ሚስቱ ግሪዜል ወረቀት ይዛ መጣች፤
«ሣጥኑን በገመድ የሚያወርዱት ስምንት ናቸው» አለች።
በራሱ እጅ፣ በእርሳስ፣ ሰባት ስም ተጽፏል፤
ስምንተኛው መስመር፣ የግራው፣ ባዶውን ተትቷል።
አልጠየቅኳትም። ሰባቱን አንድ በአንድ ለቀምኩ፣
ለስምንተኛው፣ ፊደል የሌለው እርሳስ መርጬ አኖርኩ።
በእኛ ሙያ ባዶ ቦታ እንዲያው ባዶ አይደለም፤
እሱም ከእርሳስ ነው የሚሠራ። ይከብዳል፤ ቀለም ግን አይነካውም።