እመት

ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል። ከአቃቂ ወዲያ፣ ከፋብሪካው ማዶ፣
ሜዳው ጭጋግ ለብሶ፣ የሽቦ አጥሩ በጤዛ ከብዶ፣
ሳጅን ገመዳ ስም ይጠራል ከመዝገቡ፤
ሁለት መቶ ወንዶች ጭቃው ላይ እንደ ድንች ተደርድረው ቀረቡ።
"ደምመላሽ ውብሸት!"
"እመት።"

ግቢው ባንድ ጉሮሮ ሳቀ።
"አቤት በል!" አለ ሳጅኑ፣ አንገቱ ሥር እየሞቀ።
"እመት።"
ሦስተኛውን አልሰማሁትም።
የሰማሁት ጥፊውን ነው።

እኔ የክሊኒኩ ጤና መኮንን ነኝ፤ ቁስል አጣቢ፣ ክኒን ቆጣሪ፣
ጎማው ለተነፈሰ አምቡላንስ የታማሚ ስም ጠሪ።
ሪፈር ወረቀቱ ላይ ከስም ቀጥሎ አንዲት ሣጥን አለች፦
ጾታ፦ ወ / ሴ። አንዱን ክበብ ትላለች።
አክብር አትልም።

"ማን ልበልህ?" ልል፣ "ህ" ጥርሴ ላይ ቀረች፤
"ማን ልበልሽ?" ልል፣ በሩ ላይ ጠባቂ ቆሟል።
ቋንቋችን ጉድ ነው፣ ብላ ወይም ብዪ ሳይል
ጉርሻ እንኳ አያቀብል።
ኋላ ለሽማግሌ፣ ለቄስ፣ ለአማች የምናስቀምጠው ቃል ትዝ አለኝ።
"ማን ልበልዎት?" አልኩ።
ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ ብዙ ቆየች።
"ትርንጎ" አለች።

ክንዷን የቆረጠችው በቆርቆሮ ክዳን ነው።
ሰፋሁት፤ ሰባት ስፌት።
ክሩ የመንግሥት፣ መርፌው የመንግሥት፣ ማደንዘዣው የመንግሥት፣
ኮድ አምጣ ያለኝ የለም።
የቁስሉን እናት ጽፌ ስልክ ግን፣
ስፔሻሊስት ይያት፣ ሆርሞን ይታዘዝ፣ ቢፈቀድ ቀዶ ሕክምና ብዬ፣
የፋይናንሱ አቶ ሽመክት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፦
"ከየትኛው በጀት? ከመድኃኒት ነው? ከምግብ? ወይስ ከሕንፃ እድሳት?"
በቀልዱ ብቻውን ሳቀ፤ ከዚያ ኮስተር አለ፦
"ይኼ እኮ የጉልት ቸርቻሪ ግብር ነው፣ ሳንቲም በሳንቲም።"
መልስ አጣሁ። እናቴ ሳሪስ ገበያ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር፤
ስለ ትርንጎ ብትሰማ ምን ትል እንደነበር አላውቅም።
አውቃለሁ። ማወቄን አልወደውም።

አቶ ዘለላው ከትርንጎ ጎን ነው የሚተኙት፤
ቡአቸውን በነጠላ ጠፍረው፣ አሥራ አራት ወር ወረፋ ሲጠብቁ።
"የኔ ሳይደርስ" ብለው ያጉረመርማሉ ብዬ ነበር።
"ዶክተር" አሉኝ (እዚህ ሁሉም ዶክተር ይለኛል)፣
"ይቺ ልጅ ሌሊት ጥርሷን ታፋጫለች፤ እንቅልፍ ነሳችኝ።
ቢላ ወዶ የሚተኛለት አለ እንዴ? የጨነቀው ነው።
የኔንም ቅደዱልኝ፣ የሷንም ቅደዱላት፣ እንተኛ።"
"ይቺ" አሉ። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ፊደል አልቆጠሩም፤
ሣጥኗን ባንድ ቃል ከበቧት።

ለእምቢታ ሲሆን ቢሮው ፈጣን ነው፤ መልሱ በዘጠነኛ ቀኑ መጣ፣
ማኅተሙ ከፊደሉ የጎላ፦
"ጥያቄው ለመሥሪያ ቤታችን እንግዳ በመሆኑ ተመላሽ ተደርጓል፤
ጻፊው ባለሙያም ሰኞ ጠዋት ቀርቦ ያስረዳ።
ከሰላምታ ጋር።"

ዛሬ እሑድ ነው። ክሩን ከክንዷ እየመዘዝኩ ደብዳቤውን ነገርኳት።
ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ሰባተኛው ክር አልወጣ ብሏል።
"ለዚህኛው በጀት አልተያዘም መሰለኝ" አለች፤
ሳቅን፣ ሁለታችንም፣ ጠባቂው በሩን እስኪያንኳኳ።
ነገ ስሜን ሲጠሩ አቤት እላለሁ፤
ስለዚህች ቃል ማንም በጥፊ አይመታኝም።
እስከዚያው ክሩ አለ።
"ያምዎታል?" አልኩ።
"ሳበው" አለች።