ቢጫ ክዳን

ቤቴ ጅሬን መንገድ፣ ከዳገቱ ወገብ፣
ጭቃ ስለመረረኝ በሐምሌ ዝናብ፣
ግቢዬን በሙሉ ሲሚንቶ አለበስኩት፤
አፈር የሚባል ነገር ከደጄ አጠፋሁት።
ባጃጄን ማታ ማታ በኦሞ አጥባለሁ፤
የተቃጠለ ዘይቷን ቱቦው ውስጥ ደፋለሁ፤
ያደረ እጣቢ፣ ላስቲክ፣ የዶሮ ኩስ፣ ባትሪ፣
ሁሉን ዝናብ ይወስዳል። የነጻ ጽዳት ሠሪ!
«የት ነው የሚወስደው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤
ውሃ ዳገት አይወጣም፣ እኔም ቁልቁል አላይም።
ከራስ በላይ ንፋስ፣
ከበር በታች ጎርፍ፤
እንዲህ ብዬ ተኛሁ ቆርቆሮው ሲለፍፍ።

አንድ ቀን በጠዋት፣ ነሐሴ አጋማሽ ነው፣
ራውዳ መጣች፣ አዌቱ ዳር ያለችው፣
ጎመንና ቆስጣ አልምታ የምትሸጥ፤
ቦቲዋ በጭቃ ከብዶ የሚያዳልጥ።
ልትጣላኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ሳሰፋ
ፌስታል ዘረጋችልኝ፣ ፊቷ እንኳ ሳይከፋ፦
«ዕቃህ ደርሶኛል» አለች።
አንድ በአንድ አወጣች።
የልጄ የነጂያ ነጠላ ጫማ፣ የግራው፣
የኦሞ ላስቲክ፣
ከዚያ የዘይት ጀሪካኔ ቢጫ ክዳን፤
ጋራዥ እንዳይሰረቅ በምስማር የጫርኩበት
«ጣ»፣ የስሜ መጀመሪያ።
«ቆስጣው አልተረፈም። ዘይትህ ሲያርፍበት
ቅጠሉ ቀስተ ደመና መሰለ፤
ልጆቹማ ያምራል አሉ።
እኔን ያለፈው ደግሞ ቦዬ ይገባል፤
ጉማሬ ፌስታል ይዞ አይመጣልህም።»

ሄደች። ያ የልጅነት ተረት መጣብኝ፦
ጅቡ ከላይ ሆኖ፣ አህያዋ ከታች፣
«ውሃ አደፈረስሽብኝ» እያለ ሲከሳት።
ጅቡ እንኳ ሰበብ ፈለገ።
እኔ ዝም ብዬ በላኋት።

ዶማ ተበደርኩ።
ከበሩ ጀምሬ ሲሚንቶውን ሰበርኩ።
ባለቤቴ «ብራችን!» አለች፤ እውነቷን ነው፣
አሥራ አራት ከረጢት ነበር።
ከሥሩ የወጣው አፈር ገርጥቷል፣
ብዙ ወር ተኝቶ እንደተነሳ ሰው።
ካሸንዳው ሥር በርሜል አቆምኩ፤
ጉድጓድ ቆፍሬ ጠጠር ሞላሁ፣ ዙሪያውን ሳር፤
ዘይቱን በዚያው ቢጫ ክዳን ከድኜ
ወደ ጋራዡ መለስኩ።

ትናንት ማታ ዘነበ።
የለመድኩት የቱቦ ጩኸት ቀረ።
ጨለማ ውስጥ ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማሁት፤
አፈር ውሃ ሲጠጣ
እንደ ጥጃ፣ እየቆየ፣ በጉንጩ።

ዛሬ ጠዋት በሩን ስከፍት ግን
ሳሬ ተጋድሟል፤
ጉድጓዴ አፍ ላይ እጀታ የሌለው ሰማያዊ ጆግ፣
የሕፃን ዳይፐር፣ የከሰል ትቢያ።
ከላዬ የሚኖሩት አባ ቢያ ናቸው፤
ባለፈው ወር ግቢያቸውን ሲሚንቶ አለበሱ፤
ያውም ከኔ አይተው።

ተናደድኩ።
ከዚያ ፌስታል ፈለግኩ።
ዳገቱን ወጣሁና
ድምፄን እንደ ራውዳ አለስልሼ
በራቸውን አንኳኳሁ፦
«አባ ቢያ፣ ዕቃዎ ደርሶኛል።»