አርባ አንድ ድምፅ

ሃልስዌይት ይሏታል። በሰሜን እንግሊዝ፣ ተራራ መካከል፤
ዝናቧ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው፤ በጓ ከሰዎቿ ይበልጣል።
ያለን አንድ ማዋለጃ፦ ስድስት አልጋ፣ አምስት ደቂቃ የሚቀድም ሰዓት።
"ወጪ ለመቀነስ ይዘጋል" አለ ከለንደን የመጣ ወረቀት።

እኛም ጮኽን፤
ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግተን።
ዊኒፍሬድ ታይሰን የበረደ እስክሪብቶ በብብቷ እያሞቀች፣
"ስምህን ብቻ፣ የኔ ጌታ" እያለች አላፊ አግዳሚውን ስትይዝ ዋለች።
እኔ ፖስተኛው ኖርማን፣ የማላንኳኳው በር የሌለኝ፣
ደብዳቤ ሰጥቼ ፊርማ እቀበላለሁ፣ ውሻው እያጉረመረመብኝ።
"ያለቀሰ ልጅ ነው ጡት የሚጠባ" ሲሉን አዋላጆቹ፣
አለቀስን።
መልስ መጣ፣ ሁለት መስመር፦ "ስጋታችሁ ገብቶናል።"
እነሱ ዘንድ ገባ፤
ከኛ ግን አልወጣም።

ከኮረብታው ማዶ ብሬክሳይድ አለች፤
እንደኛው ስድስት አልጋ፣ እንደኛው ወረቀት የደረሳት።
እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ የጫማዋን ክር አንሆናት።
ፊርማዋ አሥራ አንድ ሺህ።
ዶክተር ሄስተር ላም፣ ስንት ደቂቃ መዘግየት ስንት ነፍስ እንደሚበላ
አስልታ፣ አስምራ፣ ማንም የማያፈርሰው መዝገብ ሞልታ፤
ጥሩምባ ነፊዎቿ በበረዶ ሲነፉ፣
ከንፈራቸው ከነሐሱ ተጣብቆ፣ ደም እየተፉ።
እኛ?
እኛ በሰንደቃችን ቀለም ተኳርፈን፣
ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይዘን የተሰለፍን።

በግንቦት ሚኒስትሩ መጣ። ወደ ማን? ወደ እኛ!
ጭቃ በማያውቅ ቦት ጫማ።
የሰው አራስ ታቅፎ ፎቶ ተነሣ፤ ከዊኒፍሬድ ኬክ ጎረሰ፤
"ድምፃችሁን ሰምቻለሁ" አለና በመጣበት ተመለሰ።
የኛ በር ክፍት ቀረ።
የማዶው በዚያው ሐሙስ ተቀረቀረ።

ያን ማታ ስንጠጣ፣ ስንዘፍን፣ ራሳችንን ስናወድስ፣
ኢዩን፣ ኮሮጆ ቆጣሪ የነበረው፣ የሂሳብ መምህሩ ኢዩን፣
ጣቱን ቢራ ነክሮ ጠረጴዛው ላይ ቁጥር ጻፈልን፦
አርባ አንድ።
"የኛ ተወካይ ወንበር ያገኘው በአርባ አንድ ድምፅ ልዩነት፤
የማዶው በአሥራ ዘጠኝ ሺህ። ማንኛው ያድራል በፍርሃት?
ድምፃችሁን ሰማሁ ሲላችሁ፣ የቱን ይሆን የሰማው?
ከጉሮሯችሁ የወጣውን ነው፣
ወይስ ከኮሮጆ የሚወጣውን?"
ቁጥሩ ከእንጨቱ ላይ እስኪደርቅ
ማንም አልተነፈሰ።

በኅዳር ዶክተር ሄስተር መንገድ ላይ አቆመችኝ። እጅጌዋ ላይ ደም፤
ኮረብታው አናት፣ መኪና ውስጥ፣ በባትሪ ብርሃን አዋልዳ ነው።
ሕፃኑ ተርፏል። ስለ እናቱ አልጠየቅኋትም።
"እናንተ ያደረጋችሁት፣ እኛ ያጎደልነው ምንድን ነው?"
"አንድ ልብ ነበርን" አልኳት።
እኔ። አረንጓዴውን የያዝኩት።

ምርጫ ተመልሶ መጣ። እኛ ደግሞ ውለታ አንበላም፤
ሃልስዌይት ነቅላ ወጣች፤ የታመመ እንኳ አልቀረም።
ተወካያችንን በዘጠኝ ሺህ ድምፅ ልዩነት አነገሥነው።
ዊኒፍሬድ "እሰይ!" ስትል፣ ኢዩን ባርኔጣውን አወለቀ፣
ለቀብር እንደሚያወልቀው።

በጸደይ ለማዋለጃው ደብዳቤ መጣ። ያደረስኩት እኔ ነኝ።
ቀጭን ነበር፤
መክፈት አላስፈለገኝ።
ግድግዳው ላይ ያ ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀድሟል፤
እስከ ዛሬ ማንም አላስተካከለው።